ከታካሚው ሳይርቁ ማደግ

ልምድ ያላቸው ነርሶችን የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ የሚያደርገው ከፍተኛ ሥልጠና ለጤና ጣቢያዎቻችን ምን ይፈይዳል?

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ከአያት የተነሣው ቀላል ባቡር ጉርድ ሾላ ሲቆም የሚወርደው ሰው አብዛኛው ለሥራ የሚጣደፍ ነው። ከሰው ኋላ ቀርተው ቀስ እያሉ የሚራመዱት እናቶችና አባቶች ግን የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ያለባቸው ናቸው። በሰሜን በኩል የየካና የእንጦጦ ተራሮች ጭጋጋቸውን ገና አልገለጡም። ከዚያ ዳገት ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ ሴቶች ግን መንገድ ከጀመሩ ቆይተዋል።

በየካ ክፍለ ከተማ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ሞልተዋል። በልየታ ክፍሉ ነጭ ጋዎን የደረበች ነርስ የግፊት መለኪያውን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ የክትትል ካርዳቸውን በፌስታል የጠቀለሉ እናት ገብተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ራስ ምታቱስ?»

«ተመስገን ልጄ። ሌሊት ግን አላስተኛኝም።»

«ኪኒኑን ጠዋት ውጠዋል?»

«አልቋል እኮ። ከአቦ ማግስት ጀምሮ አልዋጥኩም።»

መለኪያው 170 በ100 አሳየ። ነርሷ ቁጥሩን ጻፈች። እኚህ እናት አስም ካለበት የልጅ ልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ፣ ልጃቸው ዓረብ አገር እንደምትሠራ ታውቃለች። ኪኒኑ ያለቀው ብር ጠፍቶ ሳይሆን ልጁን ሲያስታምሙ ቀጠሯቸው ስላለፈባቸው መሆኑን በሁለት ጥያቄ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ የምትችለው ካርዱን ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ማስተላለፍ ብቻ ነው። እናትየው ሌላ ሰልፍ ያዙ። ረፋዱን አልፎ ተራቸው ሲደርስ የገቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚያያቸው ወጣት ባለሙያ ዘንድ ነው። የታዘዘላቸውም ያው ያለቀው ኪኒን ነው።

በከተማዋ ጤና ጣቢያዎች የተመላለሰ ሰው ሁሉ ይህን ጠዋት ያውቀዋል። በዚህ ጠዋት ማንም ጥፋት አልሠራም። ወጣቱ ባለሙያ የሚጠበቅበትን አድርጓል፤ ነርሷም እንደዚያው። ነገር ግን በልየታ ክፍሉ የነበረው ዕውቀት ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል አልተሻገረም። ከዓመታት ትውውቅ የተገኘ ዕውቀት በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ሆኖ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ያቺ ነርስ፣ በቂ ትምህርትና ሕጋዊ ሥልጣን ተሰጥቷት፣ እኚህን እናት እዚያው ክፍል ውስጥ መርምራ፣ መድኃኒቱን አዝዛ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ይዛ ብትሸኛቸው ምን ይመስላል?

ከኮሎራዶ የተነሣ ሐሳብ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የማኅበረሰብ ጤና ነርስ የነበረችው ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር አንድ የሥልጠና መርሐ ግብር ጀመሩ። ፎርድ በገጠር ስትሠራ ሐኪም ባልነበረበት ሁሉ የሕፃናትን ጤና የሚከታተሉት ነርሶች መሆናቸውን አይታ ነበር። ሥራው በነርሶች እጅ ነበረ፤ የጎደለው ትምህርቱና ዕውቅናው ነበር። «ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚባለው ሙያ እንዲህ ተወለደ። ፎርድ በ104 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2025 ስታርፍ፣ በአገሯ ያሉት ነርስ ፕራክቲሽነሮች ቁጥር ከ300,000 በልጦ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቤተሰብ ጤና የሠለጠኑ ናቸው።

የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር የአንድ በሽታ ወይም የአንድ ዕድሜ ባለሙያ አይደለችም። ከአራስ ሕፃን እስከ አያት ድረስ የአንድን ቤት ሰዎች በአንድነት ታያለች። ትመረምራለች፣ የላቦራቶሪ ምርመራ ታዝዛለች፣ በሕግ በተፈቀደላት ዝርዝር ውስጥ መድኃኒት ትጽፋለች፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ደግሞ በጊዜ ሪፈር ታደርጋለች። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ለዚህ ደረጃ የማስተርስ ዲግሪ እንዲያስፈልግ ይመክራል።

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሙያ በቅርብ ያውቁታል። ብዙ ያገራችን ልጆች በረዳት ነርስነት ጀምረው፣ በሌሊት ፈረቃ እየሠሩ ተምረው፣ ነርስ ሆነው፣ ከዓመታት ልምድ በኋላ ማስተርሱን ጨርሰውና አገር አቀፉን ፈተና አልፈው የራሳቸውን ታካሚ ለማየት በቅተዋል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ከሐኪም ጋር የስምምነት ውል ማቅረብ ሳይጠበቅባቸው እንዲሠሩ ፈቅዳለች። እዚያ በር ላይ ስሟን ለጥፋ ታካሚ የምትቀበለው ነርስ መንገዱን ምናልባት ከአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ የጀመረች ናት።

ትምህርቱ ምን ያስተምራል?

«ነርሷ ስንት ዓመት ሠርታለች፤ ሌላ ምን ትማራለች?» የሚል ይኖራል። ልምድ ብዙ ያስተምራል፤ ሁሉን ግን አያስተምርም። ከፍተኛው ሥልጠና በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። አንደኛው በሽታ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በጥልቀት ማወቅ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ምን እንደሚሠራ፣ ከምን ጋር እንደሚጋጭና ለማን እንደማይሰጥ ማወቅ ነው። ሦስተኛው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መርምሮ ምልክቶቹን በአንድ ላይ ማንበብ ነው። ከእነዚህ በኋላ ወይም ጎን ለጎን በአሠልጣኝ ዓይን ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ታካሚ ማየት ይመጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። የ28 ዓመት ሴት ራሴን አመመኝ ብላ መጣች። ግፊቷ 160 በ100 ነው። ልምድ ያላት ነርስ ቁጥሩ ከፍተኛ መሆኑን ወዲያው ታያለች። የሠለጠነች ፕራክቲሽነር ግን ወደ መድኃኒቱ ከመሄዷ በፊት «የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ለብዙ ሰው የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ለፅንሱ አደገኛ ነው፤ ሜቲልዶፓ ወይም ሌላ ለእርግዝና የሚሆን ይመረጣል። እርግዝናው ከ20 ሳምንት አልፎ፣ ዓይኗ ብዥ ካለባትና ከጎድን አጥንቷ በታች ካመማት ደግሞ ነገሩ ተራ ግፊት አይደለም፤ ሰዓት ሳይፈጅ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት። የሚማሩት አንዱን ቁጥር ወደ ሦስት የተለያየ ውሳኔ የሚመራውን ይህን አስተሳሰብ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከእንጦጦ ዳገት እንውሰድ። ጭራሮ ስትሸከም የኖረች፣ በጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ያረጀች ሴት ሳል ይዟት መጣች። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ይህን ማንኛውም የጤና ጣቢያ ነርስ ያውቃል። ውጤቱ ነፃ ከሆነስ? በዚያ የሚቆም ብዙ ነው። ፕራክቲሽነሯ ግን ታካሚዋን ይዛ ትቀጥላለች። ጭሱ ያመጣው የሳንባ ሕመም ይሆን? አስም ይሆን? ልቧ ይሆን? እግሯ ያብጣል? ሌሊት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው? መልሱ ሲመጣ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር የምድጃው ነገር፣ የመስኮቱ ነገር፣ በቤቱ ያሉ ልጆች ነገር ይነሣል። ቤተሰብ የሚለው ቃል በማዕረጉ ውስጥ የገባው ለዚህ ነው።

ሕፃናትን በተመለከተ ነርሶቻችን ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ቀድመው ተዋውቀዋል። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን አተነፋፈሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ይህን በየቀኑ የምትቆጥር ነርስ የምርመራ ሥራ ጀምራለች ማለት ነው።

እኛ ዘንድ መንገዱ ተጀምሮ ነበር

የኢትዮጵያ ነርስነት ታሪክ ልዕልት ፀሐይን ሳያነሣ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1919 የተወለደችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ተመልሳ፣ በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. በነቀምት በወሊድ ምክንያት አረፈች፤ 22 ዓመቷ ነበር። ሌሎችን ለማዳን የተማረች ነርስ፣ የንጉሥ ልጅም ሆና፣ ራሷ ከወሊድ ሞት አልተረፈችም። በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ጎንደር መጣ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በደንቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአንድ ግቢ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ሦስቱ እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ታስቦ ነበር። የማኅበረሰብ ነርሷ ቤት ለቤት እየሄደች እናቶችንና ልጆችን ታያለች። ዓለም ዛሬ «የቤተሰብ ነርስ» የሚለው ሐሳብ ሥሩ በዚህ አገር ከ70 ዓመት በፊት ተተክሎ ነበር።

በኋላም ክሩ አልተበጠሰም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2009 በከተማ ሲጀመር የተመለመሉት በዲፕሎማ የተመረቁ ነርሶች ነበሩ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምርና ከ2006 ወዲህ ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ፣ ሐኪም ብቻ ይሥራው ቢባል ኖሮ ብዙ ሰው ሳይደርሰው ይሞት ነበር። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሥራውን ተረከቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ፣ ከኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ መመሪያ ተወስዶ ለአገራችን የተዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ ወጣ። ሳል፣ ራስ ምታት፣ ድካም እያለ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ውሳኔ የሚመራ መጽሐፍ ነው፤ ነርሷም ጤና መኮንኑም አንድ ገጽ ይገልጣሉ። በአዲስ አበባ የተጀመረው የቤተሰብ ጤና ቡድንም ከጤና ጣቢያ ወጥቶ በየቤቱ ነፍሰ ጡሮችን፣ ድሆችንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ያያል።

የካ ክፍለ ከተማ ራሷ ምስክር ናት። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ሲገለጽ፣ ከጉርድ ሾላ ብዙም የማይርቀው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ዋናው ማዕከል ሆነ። ቤተሰብ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከታማሚው አልጋ አጠገብ የቆሙት ነርሶች ነበሩ።

መሰላሉ ወዴት ያወጣል?

እንግዲህ ሐሳቡም፣ ታሪኩም፣ መመሪያውም አለ። ችግሩ ያለው መሰላሉ ላይ ነው።

አንዲት ነርስ አሥር ዓመት ሠርታ ማደግ ስትፈልግ ምን ይጠብቃታል? ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ታሳድጋለች። ከዚያ ብዙዎች የሚመርጡት በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ነው፤ ያ ትምህርት ጥሩ ነው፤ የሚወስደው ግን ወደ ሪፖርት፣ ወደ ክትትልና ወደ ፕሮጀክት ቢሮ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጡት የነርሲንግ ማስተርሶችም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ማስተማር ይወስዳሉ። ሌላዋ ጤና መኮንን ለመሆን ሙያዋን ትቀይራለች። ሌላዋ ፓስፖርት ታወጣለች። እነዚህን ነርሶች ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። ልጅ ያሳድጋሉ፤ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም የደመወዝ ጥያቄያቸውን በአደባባይ እስከማንሣት የደረሱት ኑሮ ስለከበዳቸው ነው።

ውጤቱን ግን እንይ። ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ ሁሉ ነርሷን ከታካሚው አንድ እርምጃ ያርቃታል። ማደግ ማለት ከልየታ ክፍሉ መውጣት ሆኗል። ስለዚህ እናቶቻችንን የሚቀበሏቸው ሁልጊዜ ትናንት የተመረቁት ናቸው፤ ያወቁን ሰዎች ባወቁን ጊዜ ይሄዳሉ። የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ዋና ጥቅሙ፣ እንደ እኔ እምነት፣ እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ታካሚው የሚያቀርብ ደረጃ ነው።

የአገራችን የበሽታ መልክ መለወጡም ይህን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ግፊትና ስኳር እንደ ወባ በሦስት ቀን ኪኒን አይለቁም። ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ፤ ዕድሜ ልክ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። በሽታችንን ደግሞ የምንገልጠው ለምናውቀው ሰው ነው። ኪኒኑን እንዳቋረጠ፣ አረቄ እንደሚጠጣ፣ ባሏ እንደሚመታት ለማያውቁት ወጣት የሚናገር ጥቂት ነው።

የሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ሐኪሞች እያሉ ነርስን ወደ ሐኪም ሥራ ማምጣት ለምን አስፈለገ? መልሱ ፕራክቲሽነሯ ሐኪምን አትተካም የሚል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ጀምሯል። የዚያ ሐኪም ቦታ በጤና ጣቢያው ውስብስቡን ማየትና ሌሎቹን ማሠልጠን ነው። ተራውን የግፊት ክትትልና የሕፃን ሳል ፕራክቲሽነሯ ከያዘችለት፣ ሐኪሙ በእውነት እርሱን ለሚፈልገው ታካሚ ጊዜ ያገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ደኅንነቱ ነው። በዚህ ላይ የተሠሩ የሙከራ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የኮክሬን ግምገማ 18 የሙከራ ጥናቶችን መርምሮ፣ በሚገባ የሠለጠኑ ነርሶች በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚያመጡት ውጤት ከሐኪሞች ጋር ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ሊሆን እንደሚችል፣ ታካሚዎችም ይበልጥ እንደሚረኩ አመልክቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ሀብት ባላቸው አገሮች ነው፤ ስለዚህ እኛ ስንጀምር በራሳችን ጤና ጣቢያ እየመዘንን መሄድ አለብን። «በሚገባ የሠለጠኑ» የሚለውም ቃል መዘለል የለበትም። በሦስት ሳምንት ስብሰባ የተሰጠ ሰርተፊኬት ይህን ሙያ አይፈጥርም።

ሦስተኛው «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚለው ነው። ቦትስዋና ትመልሳለች። የሕክምና ትምህርት ቤቷን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘችው ይህች አፍሪካዊት አገር፣ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና የጀመረችው በ1981 ነው። ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀችም፤ በእጇ ያሉትን ልምድ ያላቸው ነርሶች ወስዳ አስተማረች።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው አራት ነገር ነው። መግቢያው በዓመታት የጤና ጣቢያ ሥራ ይመዘን፤ ከክፍል በቀጥታ የሚገባበት አይሁን። የሥልጠናው ትልቁ ክፍል በጤና ጣቢያ፣ በቤተሰብ ሐኪምና ልምድ ባለው ጤና መኮንን አሠልጣኝነት ይሰጥ። የሥራ ወሰኑ በሕግ ይጻፍ፤ ምን እንደምትመረምር፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምታዝዝ፣ መቼ ሪፈር እንደምታደርግ በግልጽ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ስትሳሳት ብቻዋን ትጠየቃለች፣ ስታድን ማንም አያውቅላትም። በመጨረሻም ደረጃዋና ደመወዟ ያድግ፤ ማዕረግ ብቻ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ይህን ለመሥራት ከባዶ የሚነሣ ተቋም አይደለም የሚያስፈልገን። የማኅበረሰብ ነርስን ያስተማረችው ጎንደር አለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚሁ በየካ ነርሶችን ሲያፈራ የኖረው የምኒልክ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። መመሪያው ታትሟል፤ ቤት ለቤት የሚሄደው ቡድን ተደራጅቷል። የጎደለው፣ ነርሷን ከመካከላቸው መርጦ «ተማሪ፤ ተመልሰሽም እዚሁ ሥሪ» የሚላት ውሳኔ ነው።

ያ ውሳኔ የጤና ሚኒስቴር፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት ነው። እኛ ታካሚዎችም ግን ድርሻ አለን። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊታችንን የለካችው ሲስተር ስማችንን ጠርታ ስለ ልጃችን ስትጠይቀን፣ ያ ጥያቄ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ እንወቅ፤ ሕክምናው የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ በወረዳ ስብሰባም ሆነ በጤና መድን መድረክ ዕድሉ ሲሰጠን፣ አዲስ ሕንፃ ከመጠየቃችን በፊት፣ የምታውቀን ነርስ እንድትማርና ከእኛ ጋር እንድትቆይ እንጠይቅ።